ከተሰራጨ በኋላ መቁረጥ ይጠቅማል? የቆሽት ካንሰርና የቀዶ ሕክምናው ክርክር

በአማርኛ ቆሽት ስሙ የሚነሳው ሲያርር ነው። «ቆሽቴ አረረ» ስንል ስለ ንዴታችን እንጂ ስለ አካል ክፍሉ አናስብም። ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት ተጋድሞ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ፣ ምግብ የሚያልም ፈሳሽና ኢንሱሊን እያመነጨ እንደሚኖር ትዝ የሚለን ከዘመድ አንዱ «ቆሽቱ ላይ ነገር ተገኘበት» ሲባል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። የቆሽት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ በሽታው በታወቀበት ቀን ካንሰሩ ወደ ጉበት፣ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ወይም ወደ ሳንባ ተሰራጭቶ ይገኛል። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የሚችሉት ከአምስት አንዱ ቢሆኑ ነው።

ዜናው ሲመጣ ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። በእኛ ልማድ ሐኪሙ የሚናገረው ለታማሚዋ ሳይሆን ለታላቅ ልጇ ነው። ልጅየው የሲቲ ስካኑን ሲዲ በፖስታ እንደያዘ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ታዲያ ዋናውን ለምን አታወጡትም? ሥሩ ሳይነቀል ቅጠሉ ይደርቃል እንዴ?» ይላል። በሁለተኛው ቀን ያው ምስል ዴልሂ ወይም ባንኮክ ላለ ሆስፒታል ይላካል፤ አንዳንዴም «ኦፕሬሽን ይቻላል» የሚል መልስ ይመጣል። አክስት ደግሞ በሌላ በኩል «ተዉ፣ ቢላ ከነካው ይባባሳል» ትላለች።

የልጁ ጥያቄ የየዋህ ጥያቄ አይደለም። የዘርፉ ሐኪሞች ራሳቸው ከ20 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የቆዩበት ነው። እስካሁን ያለው ማስረጃ ምን እንደሚል ላስቃኛችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ማውጣት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ጥርስ ይወጣል፤ ቆሽት እንዲያ አይወጣም። ዕጢው በቆሽቱ ራስ ላይ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜም እዚያ ነው፣ የሚደረገው የዊፕል ቀዶ ሕክምና የሚባለው ነው። ዋልተር ካውሽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም 1909 ላይ በርሊን ውስጥ ሠርቶት ተሳክቶለት ነበር፤ ስሙ የቀረው ግን 1935 ላይ የራሱን ሥራ ባሳተመው አሜሪካዊው አለን ዊፕል ነው። ሐኪሙ የቆሽቱን ራስ፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ያለውን የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የሐሞት ቱቦውን ጫፍ፣ አንዳንዴም የጨጓራውን ታችኛ ክፍል አንድ ላይ ያነሳል። የቆሽቱ ራስና አንጀቱ በአንድ የደም ሥር የሚመገቡ ስለሆኑ አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ አይቻልም። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተረፈውን ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውንና ጨጓራውን ሦስቱንም ከትንሹ አንጀት ጋር መልሶ መስፋት። ቆሽት ለስላሳ ነው፤ ክሩን ጠበቅ ሲያደርጉት ሥጋውን ይቆርጠዋል። ስፌቱ ካፈሰሰ ደግሞ የሚወጣው ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽ ነውና በአቅራቢያው ያለውን የደም ሥር ሳይቀር ይበላል። ዕጢው ጅራቱ ላይ ሲሆን ነገሩ ቀለል ይላል፤ ጅራቱ ከጣፊያ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል የሚለው ራሱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። 2002 ላይ በአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ታዋቂ ጥናት እንዳሳየው፣ የቆሽት ቀዶ ሕክምና አልፎ አልፎ ብቻ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ከታማሚዎቹ 16.3 በመቶው ከቀዶ ሕክምናው ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ደጋግመው በሚሠሩት ዘንድ ግን 3.8 በመቶ ነበር። ለመዳን ተስፋ ያለው ሰው ይህን አደጋ ቢቀበል ያስኬዳል። የቀረው ጊዜ በወር ለሚቆጠር ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳን ሰውነት እስኪያገግም ሳምንታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ሳምንታት ኬሞቴራፒ አይሰጥም፤ ጉበት ላይ ያለው ግን አይጠብቅም።

«ሥሩ ይነቀል» ለሚለው ሐሳብ ትልቁ እንቅፋት የበሽታው ተፈጥሮ ነው። 2010 ላይ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን በካንሰሩ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምሮ፣ ዕጢው በየቦታው ያለውን የዘረ መል ለውጥ እያነጻጸረ ዕድሜውን አስልቶት ነበር። ከመጀመሪያው ለውጥ እስከ እውነተኛው የካንሰር ሕዋስ ከ10 ዓመት በላይ፣ ከዚያ የመሰራጨት አቅም እስኪያገኝ ሌላ 5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ አልፏል። ከዚያ በኋላ ግን በአማካይ ከሁለት ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው የቀራቸው። ስለዚህ ሲቲ ስካኑ ጉበት ላይ ሦስት ነጥብ አሳየ ማለት ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው ማለት አይደለም። ጉበት ላይ ምንም ያልታየባቸው፣ ዕጢው ንጹህ ሆኖ የወጣላቸው ሰዎች እንኳን አብዛኞቹ ይመለስባቸዋል። ጉበት ላይ የበቀለው የራሱን ኑሮ የጀመረ ነው፤ ከእናት ዕጢው ቀለብ አይቆረጥለትም። የሥርና የቅጠሉ ምሳሌ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ያው ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለልጁ ጥያቄ የሚያደላ ነገር አሳትሞ ነበር። በ76 ሰዎች የአስከሬን ምርመራ፣ 30 በመቶ ያህሉ የሞቱት ካንሰሩ በዚያው በቆሽት ዙሪያ ያለውን እያወደመ እንጂ በሰፊው ተሰራጭቶ አልነበረም። 70 በመቶው ደግሞ በየቦታው ተሰራጭቶባቸው ነበር። ዲፒሲ4 የሚባለው ዘረ መል መጥፋቱም ከሰፊ ስርጭት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የቆሽት ካንሰር ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም ማለት ነው። አንዳንዱ ከቤቱ የማይርቅ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚደግፉ ሐኪሞች የሚፈልጉት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ችግሩ ከውጭ ሲታይ ከሌላው መለየት አለመቻሉ ነው።

ጥያቄው ዳግም ሕይወት ያገኘው በቀዶ ሐኪሞች ጥበብ ሳይሆን በመድኃኒት ነው። 1997 ላይ ጀምሲታቢን እንደ ትልቅ እርምጃ የተቆጠረው የታማሚዎቹን መካከለኛ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሾቹ ያለፉትን ግማሾቹ ያልደረሱበትን ጊዜ፣ ከ4.4 ወደ 5.7 ወር ገደማ ስላሳደገ ነው። ያን ጊዜ ስለ መቁረጥ ማውራት ትርጉም አልነበረውም። 2011 ላይ የፈረንሳይ ሐኪሞች አራት መድኃኒት የተቀላቀለበትን ፎልፊሪኖክስ ከጀምሲታቢን ጋር አወዳድረው 11.1 ወር በ6.8 ወር አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ የናብ-ፓክሊታክሰልና የጀምሲታቢን ጥምረት 8.5 ወር ሰጠ። ከባድ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁሉም አይችላቸውም። ግን ቀድሞ ያልታየ ነገር መታየት ጀመረ፤ ከስድስት ወር ኬሞ በኋላ ጉበቱ ላይ ያለው ነጥብ ከምስሉ የጠፋለት፣ ሲኤ 19-9 የሚባለው የደም ምልክቱ የወረደለት፣ በእግሩ እየተራመደ የሚመጣ ሰው። እዚህ ሰው ፊት የተቀመጠ ሐኪም «አሁንስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ማስረጃው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን በዚህ ክርክር ውስጥ የማየው ትልቁ ስህተት ነው።

የመጀመሪያው በአብዛኛው ከኬሞ በፊት በቀጥታ የተቆረጡት ናቸው። ጆንስ ሆፕኪንስ 2007 ላይ ከ1,563 ሰዎች ውስጥ ዕጢውም የጉበቱም ነጥብ አንድ ላይ የወጣላቸውን 22 ሰዎች መዝገብ አገላብጧል። መካከለኛ ዕድሜያቸው 5.9 ወር ነበር። ዕጢው ሳይነካ የሐሞትና የምግብ መተላለፊያ ብቻ የተሠራላቸው 5.6 ወር ኖረዋል። ያ ሁሉ መቁረጥና መስፋት ያተረፈው ልዩነት በቀን የሚቆጠር ነው። ከጊዜ በኋላ የወጡት የተሻሉ ይመስላሉ። የጀርመኑ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ 2017 ላይ 128 ሰዎችን ዘግቦ 12.3 ወር አግኝቷል፤ በአምስተኛው ዓመት በሕይወት የነበሩት ከጉበታቸው ላይ ከተቆረጠላቸው ውስጥ 8 በመቶ ያህል ነበሩ። ስድስት የአውሮፓ ማዕከላት 2016 ላይ ባወጡት ጥናት፣ የተቆረጡት 69 ሰዎች 14.5 ወር፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ሳይቆረጥ የተዘጋው ሌሎች 69 ሰዎች 7.5 ወር ኖረዋል። እጥፍ ነው! ግን ዝርዝሩ ሲታይ ጥቅሙ የታየው ዕጢው የቆሽቱ ራስ ላይ ባለባቸው ብቻ ነበር፤ የቆሽታቸው መሐልና ጅራት ላይ ዕጢ በነበረባቸው ዘንድ ልዩነት አልተገኘም። እነዚህ ሁሉ በዓለም ስመ ጥር በሆኑ ማዕከላት በሐኪም ዓይን እየተመረጡ የተሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ያም ሆኖ 12 ወርና 14 ወር ፎልፊሪኖክስ ያለ ምንም ቢላ ከሚሰጠው ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ዓይነት ከኬሞ በኋላ የተቆረጡት ናቸው፤ ዓይን የሚያበሩት ቁጥሮች የመጡት ከዚህ ነው። 2016 ላይ ከጣሊያን የወጣ ጥናት ጉበታቸው ላይ ስርጭት ከነበረባቸው 127 ሰዎች ለቀዶ ሕክምና የበቁት 11 ብቻ እንደነበሩና መካከለኛ ዕድሜያቸው 46 ወር እንደሆነ ጻፈ፤ የቀሩት 11 ወር ነበር። በዚያው ዓመት ፒትስበርግና ጆንስ ሆፕኪንስ በጋራ ከ1,147 ሰዎች 23ቱን ብቻ ቆርጠው ከምርመራው ቀን ጀምሮ 34.1 ወር አገኙ። 2017 ላይ ሌሎች የጣሊያን ሐኪሞች ከ535 ሰዎች ውስጥ የጉበቱ ነጥብ በኬሞ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸውን 24 ሰዎች ቆርጠው 56 ወር አሉ። በጃፓን ደግሞ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ለተሰራጨባቸው 33 ሰዎች ኬሞው በደም ሥርም በቀጥታ ወደ ሆድ ውስጥም ተሰጥቶ፣ 8ቱ ለቀዶ ሕክምና በቅተዋል፤ እነሱም 27.8 ወር ኖረዋል።

56 ወር አራት ዓመት ከስምንት ወር ነው። በዚህ በሽታ የማይታመን ቁጥር ነው። ግን አካፋዩን አትርሱ፤ ከ535 ውስጥ 24።

ማራቶን የሚያይ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆማችሁ እዚያ ለደረሱት ብቻ ማር በጥብጣችሁ አጠጣችሁ እንበል። ማታ ስትቆጥሩ ማር የጠጡት በሙሉ ማለት ይቻላል ጨርሰዋል፤ ካልጠጡት ውስጥ ግን በ10ኛው፣ በ20ኛው ያቋረጡ ሞልተዋል። «ማሩ ነው ያደረሳቸው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ከኬሞ በኋላ የተቆረጠ ሰው ማለት ስድስት ወር የኖረ፣ መድኃኒቱ የሠራለት፣ አዲስ ነጥብ ያልወጣበት፣ ወጣ ያለ ጉልበት ያለው ሰው ማለት ነው። ባይቆረጥስ ኖሮ ስንት ወር ይኖር ነበር? ከመዝገብ ማገላበጥ ይህ መልስ አይገኝም። ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ጨምሮላቸው ሊሆን ይችላል፤ ምንም ላይጨምርም ይችላል።

ይህን የሚፈታው ዕጣ ነው፤ ተመሳሳይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መቁረጥ፣ ግማሹን በኬሞ ማቆየት። በሌሎች ካንሰሮች ይህ ተደርጎ ሐኪሞቹን ራሳቸውን አስደንግጧል። ለተሰራጨ የጡት ካንሰር በሙምባይ የታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል 2015 ላይ ያሳተመው በዕጣ የተከፈለ ጥናት፣ ጡቱን መቁረጥ ዕድሜ እንዳልጨመረ አሳየ፤ 19.2 ወር በ20.5 ወር። አሜሪካም ደግማው ያንኑ አገኘች። ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ጃፓን 2021 ላይ ያወጣችው፣ ዕጢው ምልክት በማያሳይ ሰው ላይ መቁረጡ እንደማይጠቅም ነገረን፤ 25.9 ወር በ26.7 ወር። የኩላሊቱ ታሪክ የበለጠ አስተማሪ ነው። 2001 ላይ ኩላሊቱን ማውጣት 8.1 ወሩን ወደ 11.1 ወር አሳድጎ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲሻሻል 2018 ላይ የፈረንሳዩ ካርሜና ጥናት ኩላሊቱ ሳይነካ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት ከተቆረጡት እንደማያንሱ አሳየ። ከእነዚህ ሁሉ ጥናቶች በፊት የነበሩት የመዝገብ ጥናቶች በአብዛኛው «መቁረጥ ዕድሜ ይጨምራል» ሲሉ የኖሩ ናቸው።

በዚህ የማይስማሙ ሰዎች የጉበትን ምሳሌ ያነሳሉ። ከትልቁ አንጀት ወደ ጉበት የሄደ ካንሰር ሲቆረጥ የሚድን ሰው አለ፤ ያም ዛሬ መደበኛ ሕክምና ነው። 1995 ላይ ሄልማንና ዋይክሰልባም የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች ያቀረቡት ሐሳብ፣ በጥቂት ቦታ ብቻ የተሰራጨ ካንሰር የራሱ መደብ ነው የሚለው፣ የተጠናከረውም በዚያ ነው። ለቆሽትም ሊሠራ ይችላል? አንድ ፍንጭ አለ። ኤክስቴንድ የተባለው የቴክሳሱ ኤምዲ አንደርሰን ጥናት 2024 ላይ፣ ከአምስት ያልበለጠ ቦታ ላይ ካንሰር ላለባቸው 41 ሰዎች ዕጣ አውጥቶ፣ ለግማሾቹ በኬሞው ላይ በየነጥቡ ያነጣጠረ ጨረር ጨመረላቸው። በሽታው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ ከ2.5 ወር ወደ 10.3 ወር ሄደ። ትንሽ ጥናት ነው፤ ጨረርም ቢላ አይደለም። ግን በዕጣ የተገኘ ስለሆነ ከ10 የመዝገብ ጥናት ይልቅ የእኔን ትኩረት የሚስበው እሱ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ራሱ ጀርመን ሜታፓንክ የሚባል በዕጣ የተከፈለ ሰፊ ጥናት ጀምራለች፤ ጉበታቸው ላይ ከሦስት ያልበለጠ ነጥብ ያለባቸውን ሰዎች መጀመሪያ ኬሞ ሰጥታ ከዚያ ለሁለት ትከፍላቸዋለች። ቻይናም ተመሳሳይ ጥናት አስመዝግባለች። እስከዚያው የታወቁት የሕክምና መመሪያዎች መቁረጡን መደበኛ ሕክምና አድርገው አይመክሩትም።

አንድ መደናገር ላንሳ፣ በየቤቱ ይነሳልና። «ስቲቭ ጆብስስ? የቆሽት ካንሰር ነበረበት፣ ተቆርጦለት ስንት ዓመት ኖሯል» የሚል አለ። ጆብስ የነበረበት ሌላ በሽታ ነው፤ ከቆሽቱ ሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት የሚነሳ፣ ብዙውን ጊዜ ዝግ ብሎ የሚሄድ ዕጢ። 2004 ላይ ተቆርጦለታል፣ 2009 ላይ ጉበት ተተክሎለታል፣ 2011 ላይ አርፏል። ለዚያ ዓይነቱ ከተሰራጨ በኋላም ቢሆን መቁረጥ በቁም ነገር የሚታሰብ ነው። ስለዚህ የናሙናው ውጤት ወረቀት ላይ ምን ዓይነት እንደሆነ የተጻፈውን ሳታነቡ ከማንም ታሪክ ጋር አታወዳድሩ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልመልሳችሁ። ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው ተብሎ የገባች ሴት አለች እንበል። ሐኪሙ መጀመሪያ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ጉበቱን ዙሪያውን ያያል። ከጉበቱ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ይቆርጣታል፤ ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች፤ ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። ስልኩ ይደወላል፤ ካንሰር ነው። ልምድ ያለው ሐኪም እዚህ ላይ ካሜራውን አውጥቶ ይሰፋል። «ሆዷን ከፍተው ምንም ሳያደርጉ ዘጉት» እየተባለ የሚወራው ይህ ነው፤ እንደ ሽንፈት ይታያል። እኔ ግን ከዚያ በሽታ ጋር በተያያዘ ከማውቃቸው ውሳኔዎች ሁሉ ብዙ ድፍረት የሚጠይቀው እሱ ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ትገባለች፤ ብዙም ሳይቆይ ኬሞ ትጀምራለች።

አለመቁረጥ ደግሞ አለማከም አይደለም። ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ዘግቶ ዓይኗን ቢጫ ካደረገው፣ ብዙ ሰው የወፍ በሽታ ብሎ መጀመሪያ ጠበል ወይም ሥር የሚያስሞክርበት ያ ምልክት፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ ይገባና ሐሞቱ ይፈሳል። የምግቡ መንገድ ከተዘጋም እንዲሁ ይከፈታል። ቅባት አልፈጭ ብሎ ሰገራዋ ከላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ከምግብ ጋር የሚዋጥ የቆሽት ኢንዛይም እንክብል አለ። ወደ ጀርባ የሚወጋው ሕመም በሞርፊን፣ ካልሆነም በነርቭ ላይ በሚሰጥ መርፌ ይቀንሳል። ለእነዚህ ሁሉ ዕጢውን ማውጣት አያስፈልግም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ስርጭቱ እየታየ፣ ኬሞ ሳይሞከር መጀመሪያ መቁረጥ የሚያዋጣ ነገር አይደለም፤ የትም አገር ይሁን። ከወራት ኬሞ በኋላ የጉበቱ ነጥብ ለጠፋለት ወይም አንድ ሁለት ብቻ ለቀረው፣ የደም ምልክቱ ለወረደለትና ጉልበት ላለው ሰው ጥያቄው ክፍት ነው፤ ከተቻለ በጥናት ውስጥ፣ ካልተቻለም የቆሽት ቀዶ ሕክምና በየሳምንቱ በሚሠራበት ቦታ መነሳት አለበት።

«ኦፕሬሽን ይቻላል» የሚል መልስ በስልካችሁ ከደረሰ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መልሳችሁ ጠይቁ። ሆስፒታሉ በዓመት ስንት የቆሽት ቀዶ ሕክምና ይሠራል? ከታማሚዎቹ ውስጥ በመጀመሪያው 90 ቀን ስንቶቹ ይሞታሉ? ጉበቱ ላይ ያለውን አይቶታል? ለምን ከኬሞ በፊት? ለመጨረሻው ጥያቄ ግልጽ መልስ ካልሰጡ ሲዲውን ይዛችሁ ወደ ካንሰር ሐኪማችሁ ተመለሱ። የተባለውንም ሁሉ ኮሪደር ላይ አትጨርሱት፤ ገብታችሁ ለእናታችሁ ንገሯት፣ የምትፈልገውንም ራሷን ጠይቋት።